ሎሚ ዓሣን አያበስልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር በየመጽሔቱ፣ በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ የዓሣ አሠራር ይበዛል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትተን፣ ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ለመብላት ወስነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሬ ዓሣ ይዘው ቤታቸው ለሚገቡ ሰዎች ነው። በእነዚያ ምክሮች ውስጥ ከዓመት ዓመት ሳይታረም የሚደጋገም አንድ ነገር አለ፤ ዓሣውን በሎሚ አሽቶ ማቆየት ጀርም ይገድላል፣ ቆየት ካለም ያበስለዋል የሚል። ስሕተት ነው፤ ሰው የሚያሳምም ስሕተት ነው። እናንተም የዓሣ አሠራር በምታወጡበት ጊዜ ይህን ምክር ትታችሁ በምትኩ የዓሣውን ውፍረት፣ የእሳቱን ኃይልና ደቂቃውን እንድትጽፉልን እንለምናለን።

ሎሚ የሚሠራው ይህን ነው። ጥሬ የዓሣ ሥጋ ገርጣ ያለና በመጠኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። አሲድ ሲነካው ፕሮቲኑ ይኮማተርና ነጭ ሆኖ ይደፈናል። እሳትም የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ሁለቱ ለዓይን አይለዩም። ሥጋው ውስጥ ያለ ትል ግን በሎሚ አይሞትም፤ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎችም ቢቀንሱ እንጂ አይጠፉም። ለጀማሪ የከፋው ሌላ ነው። ጀማሪ ዓሣ መብሰሉን የሚያውቀው በመንጣቱ ነው፤ ሎሚ ቀድሞ ካነጣው ያ ምልክት ከእጁ ወጣ። መበላሸቱን የሚያውቀው ደግሞ በጠረኑ ነው፤ አሲድ መጥፎ ጠረን የሚሰጡትን ውሕዶች ይዞ እንዳይተኑ ስለሚያደርግ፣ ሎሚ የተቀባ ያረጀ ዓሣ ትኩስ መስሎ መጥበሻ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ዓሣውን ሎሚ ሳይነካው አሽትቱት። ለጣዕም ሎሚና ጨው ካሻችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ሥጋው ይላላና መጥበሻ ላይ ይበታተናል።

ሐዋሳ አሞራ ገደልም ሆነ ዝዋይ ዳርቻ፣ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ እዚያው ተሰንጥቆ ጥሬውን በሎሚና በዳጣ መብላት የተለመደ ነው። «ትኩስ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል?» ይባላል። ትኩስነት ከብልሽት ይጠብቃል፤ ከትል አይጠብቅም። ትሉ ዓሣው ሲዋኝም አብሮት ነበረ። ከሐዋሳ፣ ከዝዋይና ከጣና በወጡ ዓሦች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ኮንትራሴከም የሚባለው ክብ ትል እጭ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ወላጁ የሚኖረው እንደ ፔሊካን ባሉ ዓሣ በሊታ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ በኩሳቸው ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ እጩ በውኃው ውስጥ ባሉ ደቃቅ ፍጥረታት በኩል ዓሣው ውስጥ ይገባል። በቆሮሶ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ልቡ አካባቢ ባለው ክፍተት፣ ተጠቅልሎ ነው። በአምባዛ ደግሞ ሆድ ዕቃው መካከል ይታያል። ሌላው ክሊኖስቶመም የሚባለው ትል ነው፤ ዓሣው ከሚተነፍስበት ከስንጥቡ ክዳን ሥር ወይም ከቆዳው በታች የምስር ፍሬ የሚያክል ቢጫ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ዓይነት ትል ከነሕይወቱ ሲዋጥ የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ኃይለኛ ቁርጠት ሊያስነሣ ይችላል፤ ሁለተኛው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። ዳጣውም ሆነ ሚጥሚጣው፣ አብሮት የሚጠጣውም አረቄ አንዳቸውን አይገድሉም።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ሱሺን፣ ማለትም ጥሬ ዓሣ የሚቀርብበትን የጃፓኖች ምግብ፣ ጠቅሰው ይከራከራሉ። ጥሬ ለሚበላ አብዛኛው ዓሣ በብዙ አገሮች የምግብ ሕግ መሠረት ቅድሚያ የሚደረግ ነገር አለ፦ ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በከፋ ቅዝቃዜ ይያዛል። የአሜሪካው ደንብ በ20 ከዜሮ በታች 7 ቀን፣ ወይም በ35 ከዜሮ በታች በረዶ ሆኖ 15 ሰዓት ይላል። ይህ ትሉን ይገድላል፤ ባክቴሪያን ግን አይገድልም፤ ለዚህም ነው ከዚያ በኋላ ቅዝቃዜው የማይቋረጠው። ሐይቅ ዳር ያለ ጥሬ ዓሣ ይህን አላለፈም። የቤታችን ፍሪጅ በረዶ ቤትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ 20 ከዜሮ በታች አይደርስም፣ መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ በረዶ አድርጎ ጥሬ መብላትን አንመክርም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊና በሕመም የደከመ ሰው ጥሬም ሆነ ለብለብ ዓሣ ፈጽሞ አይብላ።

ትልን የሚገድለው፣ ጎጂ ባክቴሪያንም የሚያጠፋው እሳት ነው፤ የዓሣው ወፍራም ክፍል መሐሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። የምግብ ቴርሞሜትር ካለ በወፍራሙ ቦታ አጥንት ሳይነካ ይሰካ። ከሌለ ሹካ ወፍራሙ ላይ ሰክቶ በስሱ መጠምዘዝ ነው፦ የበሰለ ዓሣ በየንብርብሩ ይለያያል፣ ከአጥንቱም በቀላሉ ይላቀቃል፤ መሐሉ የሚያንጸባርቅና አጥንቱን የሙጥኝ ያለ ከሆነ ይመለስ።

ከእሳቱ በፊት ግን በረዶው ይቀድማል፤ ይህን ነገር አጥብቀን ልንናገር እንወዳለን። ጾሙ የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፤ ይህ ደግሞ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዳር ሙቀቱ የሚበረታበት ወቅት ነው። ፈላጊው በሚበዛበት ሰሞን ዓሣው ቶሎ የሚበላሽበትም ጊዜ ገጠመ ማለት ነው። ዓሣው የሚጓዘው መንገድ ከዝዋይ አዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከሐዋሳ 275 ግድም፤ ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ደግሞ የሐዋሳን ርቀት ወደ እጥፍ ይርቃሉ። ዓሣ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል። ወጥ ቤት ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ ከበረዶ ውጭ አይቆይ፤ ከ32 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቀን 1 ሰዓት ብቻ። ለገበያ ስትወጡ ውኃ ሞልታችሁ በረዶ ያደረጋችሁትን ሁለት የሃይላንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ ውጡ። ዓሣውን በሁለት ፌስታል አድርጋችሁ በጠርሙሶቹ መካከል አስቀምጡት፤ ጉዞው ከረዘመ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ይዘጋጅ። ሻጩ ዓሣውን በረዶ ላይ ካላስቀመጠ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ዋጋው ቢቀንስም አያዋጣችሁም።

ሙሉ ዓሣ ሲገዛ ዓይኑ ወጣ ያለና ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ሲገለጥ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። ዓይኑ ሰርጎ ደመና የለበሰ፣ ስንጥቡ ቡናማ የሆነና ልጋግ የያዘ፣ ሆዱ የተነፋ ዓሣ ይቅር። ችግሩ አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው የሚሸጠው ፊሌቶ መሆኑ ነው፤ ዓይኑም ስንጥቡም እዚያ የለም። የፊሌቶ ምልክቱ ጫፉ ነው፦ ጠርዙ የደረቀና ቢጫ ወይም ቡናማ የያዘ፣ ሥጋው በየመሐሉ የተሰነጣጠቀ፣ ከሥሩ ነጭ ውኃ ያቋጠረ ያረጀ ነው። ከበረዶ ቤት ከሆነ ከረጢቱን ገልብጣችሁ እዩ፤ አንዱ ጥግ ላይ የረጋ የበረዶ ንጣፍ ካለ አንድ ጊዜ ቀልጦ ዳግም በረዶ የሆነ ነው። ጥሩ ዓሣ የሐይቅ ውኃ ይሸታል እንጂ አያቀረናም። ለአራት ሰው ከ600 እስከ 800 ግራም ፊሌቶ ይበቃል፤ ከቆሮሶ የሚገኘው ፊሌቶ የክብደቱ ሢሶ ያህል ስለሆነ፣ ሙሉውን ለሚገዛ 2 ኪሎ ከፍ ያለ መሆን አለበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ቆሮሶን እንመርጥለታለን። አጥንቱ ትልልቅና ሥርዓት ያለው ነው፤ የፊሌቶው መሐል መስመር ላይ ያሉትን ጥቃቅን አጥንቶች በጣት ዳስሶ፣ ግራና ቀኝ ሰያፍ ቆርጦ በአንድ ጊዜ ማውጣት ይቻላል። ቢልጫና ዱባ የሚባሉት ዓሦች ግን ሥጋቸው ውስጥ የተበተነ ሹካ መሰል ቀጭን አጥንት ስላላቸው ለልጅና ለጀማሪ አይመቹም፤ ለሾርባ አፍልቶ ማጥለል ይሻላል። አምባዛ አጥንቱ ትንሽ፣ ሥጋው ወፍራምና ቅባት ያለው ነው፤ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ብዙ ስለሆኑ እንግዳ ካለ አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው።

ማጽዳት። ከሁሉ በፊት የቆሮሶ የጀርባ ክንፍና የአምባዛ የጎን ክንፍ እሾህ አላቸው፤ በመቀስ ይቆረጡ። የተወጋ እጅ ወዲያው በሳሙና ይታጠብ፤ ካበጠና ካቃጠለ ሐኪም ይየው፣ ምክንያቱም ከዓሣ ጋር በቁስል የሚገባ ባክቴሪያ እጅን ክፉኛ ያመረቅዛል። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ጓንት ያድርግ። ቅርፊቱ በቢላው ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ ይፋቃል፤ ሰፋ ባለ ሳፋ ውስጥ ከውኃ በታች ከተፋቀ በየግድግዳው አይበተንም። ከዚያ ከፊንጢጣው ጀምሮ እስከ ጉሮሮው ቆዳውን ብቻ በስሱ መሰንጠቅ ነው። ቢላው ጠልቆ ከገባ አንጀቱ ይቀደዳል፣ ሐሞቱም ይፈሳል፤ ሐሞት የነካው ሥጋ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ይመራል፣ ያን ቦታ ወዲያው አጥቦ መቁረጥ ነው። ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ ስንጥቦቹ ከሥራቸው ይነቀሉ፤ ቶሎ የሚበላሸው እነሱ ናቸውና። ከጀርባ አጥንቱ ሥር ተጣብቆ የሚቀረውን ጥቁር ቀይ ደም በማንኪያ ጫፍ ፍቃችሁ አውጡ፤ የምሬትና የጠረን ምንጩ ያ ነው። ትል ወይም ቢጫ ከረጢት ካያችሁ በቢላ ጫፍ አውጥታችሁ ዓሣውን በደንብ አብስሉ፤ አንድ ሁለት መገኘቱ ዓሣውን አያስጥልም። በየቦታው ከሞላ ግን ይጣል።

አሁን እጃችሁንና መክተፊያውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከጥብስ ዓሣ ጋር የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ጥሬ የቲማቲም ሰላጣ ነው። ዓሣው የተሰነጠቀበት መክተፊያ በውኃ ለቅለቅ ይደረግና ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው እዚያው ይከተፋል። ዓሣው እሳት ይገባል፤ ሰላጣው አይገባም። ሎሚውም እንዲሁ ነው፤ ጥሬ ዓሣ በዳሰሰ እጅ ግማሹ ተጨምቆ ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ይቆይና፣ በኋላ ያ ግማሽ ሰሐኑ ጠርዝ ላይ ይቀርባል። ዓሣውን ያበሰለ ሰው እንኳ ታሞ የሚነሣው በዚህ መንገድ ነው። ሰላጣውን አስቀድማችሁ ከትፋችሁ ክዳን አድርጉበት፣ ለገበታ የሚሆነውን ሎሚም አብራችሁ ለዩት፤ ዓሣው ከዚያ በኋላ ይውጣ። ሲጨርሱ መክተፊያና ቢላው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ ቀጥሎ 4 ሊትር ውኃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምሮ በዚያ አርሶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ በነፋስ ማድረቅ። ዓሣን ከቧንቧ ሥር በኃይል ማጠብ ጠብታውን እስከ ብርጭቆው መደርደሪያ ይረጨዋል፤ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማለቅለቅ ይበቃል።

ሙሉ ዓሣ ጥብስ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። ከ350 እስከ 400 ግራም የሚመዝነውን ቆሮሶ በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ሸንትሩት፤ ካልተሸነተረ ውጩ ሲቀላ ከጀርባው በኩል ያለው ወፍራም ሥጋ ጥሬ ይቀራል። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ውስጡንም ውጩንም አድርቁት። እርጥብ ዓሣ ዘይት ይረጫል፣ መጥበሻም ይይዛል፤ በረዶ ያለቀቀው ዓሣ ፈጽሞ የሞቀ ዘይት ውስጥ አይግባ። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ካሻችሁት በኋላ ስስ የፍርኖ ዱቄት አልብሳችሁ አራግፉ። ዘይቱ ከመጥበሻው ግማሽ አይለፍ፣ ሙቀቱም 180 ዲግሪ ግድም ይሁን፤ የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ሲነከር ዙሪያውን ወዲያው አረፋ ካወጣ ደርሷል፣ ከጨሰ ግን አልፏል። የጨሰ ዘይት ቆዳውን አጥቁሮ አጥንቱ ዘንድ ደም ይተዋል፤ አብዛኛው ጥሬ የቀረ ጥብስ የሚወጣውም ከዚህ ነው። በየጎኑ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይጠበስ፤ አንዴ ካገላበጣችሁት በኋላ አትነካኩት። ሦስት አራት ዓሣ አንድ ላይ ካጨቃችሁ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ዓሣው ዘይት ጠጥቶ ይለሰልሳል።

2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፊሌቶ በመካከለኛ እሳት በየጎኑ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል። ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ ለየ2 ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት 10 ደቂቃ ያህል ይታሰብ። ለጉላሽ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ አስቀድሞ ይብሰል፣ 3 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሆኖ የተቆረጠው ዓሣ መጨረሻ ላይ ገብቶ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ድስቱን ይዞ መነቅነቅ እንጂ ማማሰል አያስፈልግም፣ ይፈርሳል። አዲስ አበባ ከፍታው 2,300 ሜትር ግድም ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ላይ ነው፤ እሱም ለዓሣ ከበቂ በላይ ነው።

ዱለትና ለብለብ ላይ ግን አንደራደርም። ሙሉ ሥጋ ላይ ባክቴሪያው በአብዛኛው ከላይ ነው፤ ሲፈጭ ወይም ሲከተፍ የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የተፈጨ ዓሣ ለብ ብሎ የሚወጣበት ምክንያት የለም። ሰፊ መጥበሻ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ፣ እያገላበጣችሁ፣ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ፣ አንድም የሚያንጸባርቅ ፍርፋሪ እስከማይቀር አብስሉ። ሚጥሚጣና ቃሪያው ከዚያ በኋላ ቢገባ ጣዕሙ አይጎድልም።

ያልተሠራ ዓሣ ከ4 ዲግሪ በታች በሆነ ፍሪጅ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ቀን፣ የተሠራው እስከ 3 ቀን ይቆያል። ከበረዶ ሲወጣ ማታውን ፍሪጅ ውስጥ በረዶውን ይልቀቅ፤ ከቸኮላችሁ በታሰረ ፌስታል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ፣ ውኃውን በየ30 ደቂቃው እየቀየራችሁ። ጠረጴዛ ላይ አድሮ አይልቀቅ። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ሙሉ የሆነ ዲፕ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ፍሪጅ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። የተሠራው ዓሣ ዳግም ሲሞቅ እስኪያጤስ፣ መሐሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ይሙቅ።

በጾም ቤት የማይጠፋው የቱና ጣሳ የራሱ ጣጣ አለው። ቱና፣ ማኬሬልና ሳርዲን ሙቀት ላይ ሲቆዩ ሂስታሚን የሚባል ሰው የሚያሳምም ውሕድ ያፈራሉ፤ ሂስታሚን አንዴ ከተፈጠረ ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። ከተበላ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ፊት ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ልብ ይመታል፣ ቆዳ ሽፍ ይላል። የተከፈተ ጣሳ ቱናው ወደ መስታወት ወይም ክዳን ወዳለው ዕቃ ተገልብጦ ፍሪጅ ይግባ፣ በ2 ቀን ውስጥ ይለቅ። ያበጠ ወይም ስፌቱ ላይ የተቆለመመ ጣሳ አይከፈት። በውጭ አገር ያሉ ነፍሰ ጡር እኅቶች ደግሞ ሜርኩሪ ስለሚያከማቹ ሻርክና ሰይፍ ዓሣ አይብሉ።

አጥንት ጉሮሮ ላይ ሲሰካ እንጀራ ጠቅልሎ ወይም ደረቅ ዳቦ መዋጥ በየቤቱ የሚደረግ ነው፤ አጥንቱን ወደ ውስጥ ገፍቶ ሊያቆስል ይችላልና ይቅር። በኃይል ማሳል፣ ካልወጣም ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ምራቅ መዋጥ ያቃተው፣ ደም የተፋ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው አንድ ደቂቃም አይቆይ። ለልጅ የሚሰጥ ዓሣ በዓይን ሳይሆን በጣት እየተዳሰሰ ይሰጥ።

ከዓሣ በኋላ ያስመለሰውና ያስቀመጠው ሰው በቅድሚያ ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ትኩሳት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም የማይለቅ የሆድ ቁርጠት ካለ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ምን ዓይነት ዓሣ፣ በስንት ሰዓት፣ ጥሬ ወይስ የበሰለ እንደበላ፣ አብረውት ከበሉት ማን እንደታመመ ይንገር። ጣሳ ከሆነ ጣሳውን ይዞ ይሂድ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምግብ ዝግጅትና የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች